ቸል የተባለው አየር

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትወርዱ፣ ጢያን አለፍ እንዳላችሁ ቡኢ ትመጣለች፤ የሶዶ ወረዳ መቀመጫ። ታኅሣሥ ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ሁሉ አውድማ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ የማስተምረውም ፊዚክስ። በዓመት አንዴ የአጎቴ ጤፍ ሲወቃ «ላግዝ» ብዬ እሄዳለሁ፤ ባለቤታቸው እቴቴ ግን «ሊበላ ነው የሚመጣው» ይላሉ። ያን ዕለት በሬዎቹ አበራይተው ጨርሰዋል፤ ገለባው በመንሽ ተነሥቷል፤ ፍሬና እብቅ የተቀላቀለበት ቁልል መሐል ላይ ተከምሯል። የቀረው ነፋስ ብቻ ነበር። ነፋሱም እምቢ አለ። ሥራ ስፈታ የተማሪዎቼን ፈተና አውጥቼ ማረም ጀመርኩ፤ ጨዋታው የተነሣው ከዚያ ነው።

አጎቴ፦ ምንድን ነው እንዲህ በቀይ የምታሰምርበት?

እኔ፦ የልጆቹ ፈተና ነው ጋሼ። ስለ ተወንጫፊ አካል ነው።

አጎቴ፦ ተወንጫፊ?

እኔ፦ የተወረወረ፣ የተተኮሰ፣ አየር ላይ የተለቀቀ ነገር ሁሉ። ስሙ ከወንጭፍ የመጣ ነው። ሬዲዮው ስለ ሚሳይል ሲያወራ እንኳ «ተወንጫፊ» ነው የሚለው።

አጎቴ፦ ወንጭፍማ የኔ ነው። የጢያን ትክል ድንጋይ የጠረቡት ናቸው ሰይፍ ሲቀርጹ ወንጭፍን የረሱት። እስቲ አንዱን አንብብልኝ።

እኔ፦ «100 ግራም የሚመዝን ድንጋይ በሴኮንድ 30 ሜትር ፍጥነት፣ ከመሬት 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ተወነጨፈ። ስንት ሜትር ርቆ ይወድቃል?» መልሱ 92 ሜትር ነው።

አጎቴ፦ ውሸት።

እኔ፦ ጋሼ፣ ሒሳብ ነው እኮ!

አጎቴ፦ ሒሳብ ይሁን። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ቁጭ ብዬ ወፍና ዝንጀሮ ስጠብቅ ወንጭፍ ከእጄ ወርዶ አያውቅም። ድንጋይ እንደ ቀስተ ደመና ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ አይጎብጥም። ሲወጣ ተዘርግቶ ይወጣል፤ ይሄድ ይሄድና መጨረሻው ላይ፣ የደከመው ሰው ቁጭ እንደሚል፣ ዝፍ ይላል። ያንተ ድንጋይ የሚደክመው መቼ ነው?

እኔ፦ ፈተናው ላይ አይደክምም። ይኸው ከሥሩ ተጽፏል፤ «የአየር መቋቋም ቸል ይበል።»

አጎቴ፦ ምን ይበል?

እኔ፦ ቸል ይበል። እንደሌለ ይቆጠር ማለት ነው።

(አጎቴ ቁልሉን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። ሳቃቸው እቴቴን ከጎጆው አወጣቸው።)

አጎቴ፦ ሰማሽ? እኔና አንቺ ከረፋዱ ጀምሮ አየር ስንለምን ውለናል፤ ይኼ ደሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሰው ልጅ «ቸል በሉት» እያለ ያስተምራል። አየሩን ቸል ካልነው ይኼ ጤፍ በምን ሊለይ ነው?

እቴቴ፦ የሱን ድርሻ ከነእብቁ ስጡት።

እኔ፦ ምክንያት አለው እቴቴ። አየር ከገባበት ሒሳቡ ባንድ መስመር አያልቅም። ድንጋዩ በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይገፋዋል፤ በተገፋ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግፊቱም ይላላል። አንዱ ሌላውን እያሳደደ የሚሄድ ነገር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ይህን በአንድ ንጹሕ ቀመር ጨርሶ መፍታት አይቻልም፤ መንገዱን በትንሽ በትንሹ ቆራርጦ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ለየብቻ ማስላት ነው። ለክፍል ልጅ ይከብዳል።

አጎቴ፦ አንተስ ቆራርጠህ አይተኸዋል?

እኔ፦ አዎ። 92ቱ ሜትር ወደ 75 ይወርዳል።

አጎቴ፦ አላልኩም? ይህን ሁሉ ወረቀት ከምትጨርስ እኔን አትጠይቀኝም ነበር?

እኔ፦ ጋሊልዮንም ያስቸገረው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ተወርዋሪ ነገር የሚሄድበትን ጎባጣ መንገድ በሒሳብ አሳየ። መጽሐፉ እንዲህ እንደኛ ጨዋታ ነው፤ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው ይከራከሩበታል። አየሩን ግን አልካደውም። መልኩ ብዙ ስለሆነ በተወሰነ ሕግ አይታሰርም ብሎ ነው ያለፈው። ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ናቸው «ለከባድ የመድፍ ኳስ አየር ምን አባቱ ያደርገዋል» ያሉት።

አጎቴ፦ ማን አስተወላቸው?

እኔ፦ ቤንጃሚን ሮቢንስ የሚባል እንግሊዛዊ። ወፍራም እንጨት አንጠለጠለና ጥይት ተኮሰበት። እንጨቱ ተመትቶ ምን ያህል እንደተወዛወዘ እያየ የጥይቱን ፍጥነት አወቀ። አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ እየተኮሰ አየሩ በመሐል ምን ያህል እንደወሰደ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1742 ሲያሳትመው መድፈኛው ሁሉ ደነገጠ፤ 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የመድፍ ኳስ አፈሙዙን ሲለቅ የሚገጥመው የአየር ግፊት ከራሱ ክብደት ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

አጎቴ፦ ከ20 እጥፍ! እኔ ደሞ ጠመንጃው ሲያጓራ አየሩን የሚበሳው ይመስለኝ ነበር።

እኔ፦ ይበሳዋል፤ ግን ያስከፍለዋል። የጠመንጃ ጥይት በሴኮንድ 800 ሜትር ያህል ይወጣል። በፈተናዬ ሒሳብ ብንሄድ፣ ከዚህ አውድማ 45 ዲግሪ ቀና ተደርጎ የተተኮሰ ጥይት ቡታጅራን አልፎ 65 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወራቤ አካባቢ መውደቅ ነበረበት።

አጎቴ፦ ወራቤ? ገበያ የወጣ ሰው በምን ዕዳው!

እኔ፦ በእውነቱ ከአራት ከአምስት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚህ ከተኮሱት ከቡኢ ዙሪያ አይወጣም።

አጎቴ፦ በሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኩሱትስ? እኔ በተኮሱ ቁጥር አንገቴን ነው የምሰብረው።

እኔ፦ መስበሩ ደግ ነው። አየር ባይኖር በወጣበት ፍጥነት ይመለስ ነበር። አሜሪካኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ እየተኮሱ የሚመለሰውን ጥይት ጠብቀው ነበር። ሲወርድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 90 ሜትር ገደማ ነው። ከዘጠኝ እጁ ስምንቱን አየሩ በልቶታል። የቀረው አንድ እጅ ግን ጭንቅላት ለመብሳት አያንስም።

እቴቴ፦ ዝናብስ? እሱም ከዚያ ሁሉ ከፍታ ነው የሚመጣው፤ ገድሎን አያውቅም።

እኔ፦ ጥሩ ጠየቁ። ከ2 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ጠብታ ያለ አየር ቢሆን በሴኮንድ 200 ሜትር ሆኖ ነበር የሚያርፍብን። ግን ትልቁ የዝናብ ጠብታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ሲደርስ መፍጠኑን ያቆማል። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ አየሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። እየፈጠነ ሲመጣ ግፊቱ ያድጋል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ከዚያ በላይ አይፈጥንም፣ ባለበት ፍጥነት ይወርዳል። እያንዳንዱ ነገር እንዲህ ያለ የራሱ ጣሪያ አለው። ድንጋዩም አለው፣ ጤፉም አለው፣ እብቁም አለው።

አጎቴ፦ ቆይ፣ ቆይ። አየሩ አንድ ነው። ታዲያ ድንጋዩን ትንሽ አስቸግሮ እብቁን እንዲህ የሚጫወትበት ለምንድን ነው?

(ለዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ገጽ ቀመር አለኝ። አፌን ሳልከፍት እቴቴ ቀደሙኝ።)

እቴቴ፦ አሞሌ ጨው ብትወረውር ግንባር ትፈነክታለህ። ያንኑ አሞሌ ወቅጠህ ዱቄቱን ብትወረውር ወደ ገዛ ዓይንህ ይመለሳል። ይኼ ምን ይጠየቃል?

እኔ፦ አለቀ። ጨው ያው ጨው ነው፣ ሚዛኑም አልተለወጠም። ሲወቀጥ ግን ገጹ በዛ። ክብደት የሚመጣው ከሥጋው ነው፤ አየር የሚይዘው ግን በገጹ ነው። የአንድን ነገር ወርድ በግማሽ ቢቀንሱት ሥጋው ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ገጹ ግን ወደ ሩብ ብቻ። ስለዚህ ነገር ባነሰ ቁጥር አየር ይጫነዋል።

አጎቴ፦ ከጤፍ የሚያንስ ደሞ የለም።

እኔ፦ ከሚዘሩት እህሎች መቼም የለም። 1,000 የጤፍ ፍሬ ቢመዝኑ የአንድ ግራም ሢሶ ያህል ነው። 1,000 ስንዴ ግን 35 ግራም ያህል ነው። አሁን በሌላ መንገድ ልንገርዎት። አየሩ ብቻ ቢታገላቸው፣ ያንተ የወንጭፍ... ይቅርታ፣ የርስዎ የወንጭፍ ድንጋይ ከፍጥነቱ ሁለት ሢሶ ያህሉን ለማጣት 300 ሜትር መሄድ አለበት። ስንዴ 6 ሜትር ይበቃዋል። ጤፍ አንድ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ደክሟል።

አጎቴ፦ ይኼን በእጄ አውቀዋለሁ። ስንዴ ስዘራ ክንዴን ዘርግቼ ነው የምበትነው። ጤፍን እንደዚያ ብታደርገው እግርህ ሥር ነው የሚቀረው፤ ነፋስ ካለማ የጎረቤት ማሳ ነው የምትዘራው። ለዚህ ነው በማለዳ፣ አጠር አጠር አድርገን የምንዘራው። እኔ የጤፍ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

እኔ፦ ጠባዩ ነው፤ ጠባዩ ከአየር ጋር ያለው ነገር ነው። የጤፍ ፍሬ ጣሪያው በሴኮንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው። የእብቁ ደግሞ አንድ ሁለት ሜትር። ነፋሱ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢነፍስልንና ላይዳው ሁለት ሜትር ከፍ ቢያደርገው፣ ጤፉ አንድ ሜትር ያህል ተገፍቶ ያርፋል፤ እብቁ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ይሄዳል። ምርቱና እብቁ የሚለያዩት በዚያች ክፍተት ነው።

አጎቴ፦ ለዚህ ነዋ ማሽኑ ጉድ የሚሠራን! እዚያ ታች ያሉት መውቂያ ማሽን ተከራይተው ጤፉን ከገለባው ጋር ሲተፋባቸው አይቻለሁ።

እኔ፦ ማራገቢያው ላይ ነው ነገሩ። ነፋሱ ከእብቁ ጣሪያ በላይ፣ ከፍሬው ጣሪያ በታች መሆን አለበት። ስንዴ ጣሪያው በሴኮንድ 7፣ 8 ሜትር ስለሆነ መሐሉ ሰፊ በር ነው፤ ማራገቢያው ትንሽ ቢሳሳት ግድ የለም። የጤፍ በር ጠባብ ነው። ለስንዴ በተስተካከለ ማራገቢያ ጤፍ ካስገቡ ፍሬው ከእብቁ ጋር ተያይዞ ይወጣል። አርሲና ባሌ ኮምባይነሩ የገባው ለስንዴ ነው፤ ጤፍ በብዙ ቦታ አሁንም በበሬና በላይዳ እጅ የቀረው አንዱም በዚህ ነው።

እቴቴ፦ አሸዋውስ? አንተ ቡና እየጠጣህ ትስቃለህ፤ እንጀራ ጥርስ ሥር ሲንቀጫቀጭ ግን የሚነሣው የኔ ስም ነው። ነፋስ ጠጠሩን ይለያል፣ እብቁን ይለያል፤ አሸዋውን የማይለየው ለምንድን ነው?

(እውነቴን ነው፤ በ10 ዓመት ማስተማር ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልተጠየቅኩም። ጥቂት አሰብኩ።)

እኔ፦ አሸዋ ከጤፍ እጥፍ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው። ስለዚህ ትልቋ አሸዋ ከጤፉ ቀድማ እግር ሥር ትወድቃለች። ግን ከአሸዋዎቹ መሐል ወርዷ የጤፍን ግማሽ ያህል የሆነች አለች። በጥቅጥቅነቷ ትፈጥናለች፣ በትንሽነቷ ትዘገያለች። ሁለቱ ሲካካሱ ጣሪያዋ ልክ የጤፉ ይሆናል። ለነፋስ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እኩል ይገፋቸዋል፣ እኩል ቦታ ላይ ያርፋሉ። መቶ ጊዜ ቢያዘሩት አትለይም።

እቴቴ፦ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

እኔ፦ የርስዎ አይደለም።

እቴቴ፦ ሰማችሁ? ይኼን ጻፍልኝ። አውድማውን በእበት የምለቀልቀው ለዚህ ነው፤ አሸዋዋ ከመጀመሪያው እንዳትገባ። ከገባች በኋላ የሚያወጣት ሰፌድ ብቻ ነው።

አጎቴ፦ ሰፌድም አየር ነው የሚያደርገው።

እቴቴ፦ ሰፌድ አየር ብቻ አይደለም። ስታንገዋልለው የሚንከባለለውና የማይንከባለለው ይለያያል፤ ከባዱ ወደ ታች ይገባል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው እፍ የምትለው። ወንድ ነፋስ ካጣ ቁጭ ይላል። ሴት በሰፌድ የራሷን ነፋስ ትሠራለች።

(አጎቴ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ወደ ሰማዩ ዞሩ።)

አጎቴ፦ እዚህ ደጋ ላይ ስለሆንን ነው ወይ ነፋሱ እንዲህ የሚቀለው? ቆላ ያሉት ዘመዶቻችን ቶሎ ይጨርሳሉ።

እኔ፦ ነፋሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ አየሩ ግን እውነት ሳሳ ይላል። ቡኢ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ፣ ጅቡቲ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ድንጋይ እዚህ ትንሽ ይርቃል፤ ያው ጤፍ እዚህ ትንሽ ፈጥኖ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ላይ ሲደረግ፣ ቦብ ቢመን የሚባል አሜሪካዊ 8 ሜትር ከ90 ዘለለ። የሳሳው አየር ረድቶታል። የረጅም ርቀት ሯጮችን ግን ትንፋሽ አሳጣቸው፤ ማራቶኑን ያሸነፈው የኛው ማሞ ወልዴ ነው።

አጎቴ፦ ማሞማ አየሩን ያውቀዋል፣ የሀገሩ ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ይህን «ቸል ይበል» የሚለውን ከፈተናዬ ላውጣው?

አጎቴ፦ ምን አወጣህ? ወይፈን ስታለማምድ መጀመሪያ ባዶ ቀንበር ነው የምትጭንበት። መሄድ ይልመድ፣ መዞር ይልመድ፤ ሞፈሩ ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ሞፈር ከጫንክበት ይደነብራል፣ ይተኛል፣ ከዚያ ወዲያ አያርስልህም። ያንተም ቸልታ ባዶ ቀንበር ይመስለኛል፤ እሱ አያጣላንም።

እኔ፦ ምኑ ነው የሚያጣላን?

አጎቴ፦ ባዶ ቀንበር ጎትቶ «አረስኩ» የሚለው። ልጆቹ 92 ሜትር ብለው ጽፈዋል፤ ልክ ሰጥተሃቸዋል። ከነሱ አንዱ ወንጭፍ ይዞ ወጥቶ ሰፍሮታል? «75 ነው የሄደው፣ 17ቱን ማን በላው?» ብሎ የጠየቀህ አለ?

እኔ፦ የለም።

አጎቴ፦ በልጆቹ አልፈርድም። አንተስ ሰፍረኸዋል?

(አልሰፈርኩም። 75 ያልኩትም በኮምፒውተር ቆራርጬ ያሰላሁትን ነው። ድንጋይ አንሥቼ፣ ሜትር ዘርግቼ አላየሁም። ይህን ለአጎቴ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እቴቴ ነጠላቸውን ያዙ፤ ጫፉ ተነሥቶ ነበር።)

እቴቴ፦ መጣ! ተነሡ!

አጎቴ ላይዳውን አነሡ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ወደ ላይ በተን አድርገው የሚሄድበትን አዩ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተጠጉ፤ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሳይሆን ጎናቸውን ሰጡት። ከዚያ ማዝራት ጀመሩ። ከላይዳው የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ አናት ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። ጤፉ እንደ ዝናብ እፊታቸው ይወርዳል፣ እብቁ እንደ ጭስ ተነሥቶ ከክምሩ ማዶ ይቀመጣል። ነፋሱ ሲጠነክር ዝቅ አድርገው ያዘራሉ፣ ሲደክም ከፍ ያደርጋሉ። ማንም ቁጥር አልነገራቸውም።

እኔ ፈተናዎቹን ከድንጋይ ሥር ሸጉጬ መጥረጊያ ያዝኩ። ሥራዬ ምርቱ ላይ የሚያርፈውን ግርድ በቀስታ እየጠረጉ ወደ ዳር ማውጣት ነው። ሁለቴ በርትቼ ጠርጌ ጤፍ ከግርዱ ጋር አስኬድኩ፤ ሁለቴም ተቆጡኝ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ቆመ፤ ምርቱ በስልቻ ተሰፍሮ ገባ። እቴቴ ግን አልገቡም። እብቁ ያረፈበት ዳር ላይ ቁጭ ብለው፣ ነፋሱ ከእብቁ ጋር የወሰደውን ቀጫጫ ጤፍ በሰፌድ መልቀም ያዙ። ጨለማ ሲይዝ ሁለት ጣሳ ተኩል ሞላ።